ፊርማዬ ያለ እኔ የዋለችበት ስብሰባ

ሊቀመንበራችን ፊርማችንን ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንድንልክለት ሲጠይቅ ከአሥራ ሁለታችን እምቢ ያለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም ጠላቴ ናት። «የስልኬ ካሜራ ተሰብሯል» አለች፤ እኛም ሳቅንባት። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። የእኔኑ ዓይነት ዕቃ በሚሸጥ ሰው መሳቅ ለነጋዴ እንደ ቁርስ ነው።

ሱቄ ጌጃ ሰፈር ነው፤ ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ገበርና ላስቲክ እሸጣለሁ። አሥራ ሁለት ነጋዴዎች በማኅበር ተደራጅተን የያዝነው ሕንፃ አለ፤ ሕንፃ ካልነው። ስድስቱ ሱቅ መንገዱን ያያል፣ ስድስቱ ከኋላ ሆኖ የጋራውን መጸዳጃ ቤት ያያል። እኔ ከፊት፣ መታጠፊያው ላይ፣ ቁጥር አንድ ነኝ። ጠላቴ በዚያው ረድፍ ሌላው ጫፍ ላይ ቁጥር ስድስት ናት። ቦታው በዕጣ ነው የደረሰኝ፤ ዕጣ ሲወጣ ደግሞ ማንም አላጨበጨበልኝም።

ልብስ ሰፊ ችኩል ፍጥረት ነው። ደንበኛውን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ነው ዚፕ ሊገዛ የሚሮጠው። ከመንገዱ ዐሥር እርምጃ ወደ ኋላ ግባ ብትሉት ሜክሲኮ ድረስ ሄደህ ተመለስ ያላችሁት ያህል ይከፋዋል። ሰንጋ ተራ በኩል የነበሩ የድሮ ደንበኞቼ ሰፈራቸው ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ የቀረኝ በመንገድ የሚያልፈው ነው። ስለዚህ ቁጥር አንድ ለእኔ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ እሱን ካጣሁ ክሩን ጠቅልዬ ቤቴ መግባት ነው።

ሊቀመንበሩ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ አይደለም፤ ከመሥራቾቹ የአንዱን ድርሻ ገዝቶ ኋላ የገባ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የራሴ ነው። የንግድ ፈቃድ እድሳት በኢንተርኔት የሆነ ጊዜ ኮምፒውተር እንግዛ ብሎ አስገዛን፤ የማገዶ ማስቀመጫ የነበረችውን ክፍል ቀለም አስቀብቶ «ቢሮ» የሚል ለጠፈባት። የይለፍ ቃሉን ጽፎ በፕላስተር የኮምፒውተሩ መስታወት ጠርዝ ላይ አጣበቀው። ፈቃዱን የሚያድስ ሁሉ እሱን እያየ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ዲጂታል» የምትል ቃል ከአፉ ጠፍታ አታውቅም።

ፊርማውን ለምን እንደላክን ልናገር። በእኛ ማኅበር ስብሰባ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ቃለ ጉባኤውን ማስፈረም ሁለት ሳምንት። አንዱ መርካቶ ነው፣ አንዱ ለቅሶ ነው፣ አንዱ ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል። ስለዚህ ከመሠረትነው ጀምሮ አንድ ልማድ ነበረን፤ ባዶ ወረቀት ላይ አምስት አምስት ጊዜ አስቀድመን እንፈርማለን፣ ጸሐፊው ከላይ የተወሰነውን ይጽፍበታል። እምነት ነው እንል ነበር። ስንፍና ነበር፤ እምነት ግን ለስብሰባ ያምራል። ሊቀመንበሩ «አንዴ ፎቶዋን ላኩልኝ፣ ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም» ሲል የእግዜር ምሕረት መሰለን። ነጭ ወረቀት ባንኮኒዬ ላይ አደረግሁ፣ ፈረምሁ፣ አነሣሁ፣ ላክሁ። አውራ ጣት የቀሰረች ምስል መለሰልኝ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማክሰኞ ስከፍት መዝጊያዬ ላይ ማህተምና ቲተር ያረፈበት ደብዳቤ ተለጥፎ አገኘሁ። በጠቅላላ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ በተወሰነው መሠረት ሱቅ ቁጥር አንድ ለማኅበሩ የጋራ ጥቅም ስለሚፈለግ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ ሱቅ ቁጥር አሥራ አንድ እንድዛወር ይላል። አሥራ አንድ ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ነው። በደብዳቤው ላይ ቃለ ጉባኤው ተያይዟል፤ ከታች አሥራ ሁለት ፊርማ፤ ሦስተኛዋ የእኔ። ራሴን ከሱቄ ለማስወጣት እጄን አውጥቻለሁ ማለት ነው። ያውም በደስታ ይመስላል፤ ፊርማዬ ከወትሮው ረዘም ብላለች።

መርዘሟ ከነከነኝ። የእኔ ፊርማ ጭራ የላትም። ይህች ግን መጨረሻዋ ላይ እንደ መንጠቆ የታጠፈች ቀጭን ጭራ አላት። መነጽሬን አድርጌ አየኋት፤ አጉልቼ አየኋት። ጭራ አይደለችም። ክር ናት። ፎቶውን ሳነሣ ባንኮኒዬ ላይ የወደቀች ጥቁር ክር ወረቀቱ ላይ አርፋ ኖሯል። ሰው ይቅርና መጋዝ ሁለቴ አንድ ዓይነት አይቆርጥም፤ ክር ይዛ የምትፈርም እጅ ደግሞ እስካሁን አልተወለደችም።

ቢሮ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ሻይ እየጠጣ ነው።

«ይሄ ስብሰባ መቼ ተደረገ?» አልሁ።

«ቀኑ ተጽፏል። ማንበብ ነው።»

«እኔ የት ነበርሁ?»

«ፊርማሽ አለ፤ ነበርሽ።»

«ፊርማዬማ ልትኖር ትችላለች። ስለ እኔ ነው የጠየቅሁዎ።»

«እህቴ፣ ዘመኑ ዲጂታል ነው። ፊርማ ከተገኘች ባለቤቷ ተገኘች ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ወጥቶለታል። ወደድሽም ጠላሽም እኩል ነው።»

«እንግዲያው ለእድሩም ፎቶዬን ልላካ። ድንኳን ሲተከል እሷ ትቁምልኝ።»

«ቀልዱን ተይው። ወደሽና ፈቅደሽ የላክሽው አንቺ ነሽ። ማን አስገደደሽ?»

«ቦታዬን ለማን ነው የፈለጉት?»

«ለጋራ ጥቅም።»

የጋራ ጥቅም ሚስቱ ናት። ባለፈው ሳምንት አንድ ታፔላ ጸሐፊ መጥቶ የሱቄን ግንባር በሜትር ሲለካ ከመንግሥት የመጣ መስሎኝ ወንበር ሰጥቼው ነበር። ለእሷ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚል ታፔላ እንደሚሠራ የሰማሁት ኋላ ከራሱ ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው የሱቄን ቀብር የለካው።

«ያጭበረበረ ሰው ሻዩ እንዴት ይወርድለታል?» አልሁና ወጣሁ። ከኋላዬ «አሥራ አምስት ቀን!» አለኝ።

አባላቱን ዞርሁ። «ስብሰባ ነበርሽ? ነበርህ?» ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንዱ «ፊርማዬ ካለ እንግዲህ ኖሬ ይሆናላ» አለኝ። ሌላዋ «አንቺ ስለተነካሽ እኛን ምን አመጣን» አለች። አንደኛው የኋላ ረድፍ ሰው ነው፤ እሱማ ደስታውን እንኳ አልደበቀም። «እስከ ዛሬ መንገዱን ጠግበሽዋል፣ እስቲ ሽታውን ደግሞ ሞክሪው» አለኝ። ቁጥር ስድስት ጋ አልሄድሁም። ከእሷ ጋር ሰላም ከተባባልን ስድስት ዓመት ሆኖናል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሊቀመንበሩ ሊበላ ሲወጣ ቢሮ ገባሁ። በሩ አይቆለፍም። ኮምፒውተሩን ከፈትሁ፣ ፕላስተሩን እያየሁ የይለፍ ቃሉን ጻፍሁ፣ «ቃለ ጉባኤ አዲስ» የሚል ፋይል አገኘሁ። ከፈትሁት። ፊርማዬን በማውሱ ጠቅ አድርጌ ስጎትታት ከወረቀቱ ላይ ተነሥታ ሄደች። ክሯንም አስከትላ ሄደች። ጎትቼ ሊቀመንበሩ ስም ላይ አስቀመጥኋት፤ ሊቀመንበር ሆንሁ። መልሼ ቦታዋ አደረግኋት። የሁሉም ፊርማ እንዲሁ ይነሣል። ፋይሉ የተሠራው ስብሰባ ተደረገ ከተባለበት ቀን አራት ቀን ቀድሞ ነው፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ነው ብልጥነቴ ያለቀው። ማስረጃውን በኮምፒውተሩ ላይ በተከፈተው የማኅበሩ ቴሌግራም ወደ ራሴ ስልክ ላክሁት። ሌባ ሆኜ ስለማላውቅ ዱካዬን በራሴ ስም ጽፌ ሄድሁ።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ። ድሮ በታይፕ ይመቱ ነበር፤ አሁን ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ ነው። ሕግ ስኩል የገባም አለ፣ ሕግ ስኩል የገቡትን ያስተማረም አለ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ኮቱን የምትሰፋለት ሚስቱ ከእኔ ነው ክር የምትገዛው። ወረቀቱን ሰጠሁት፣ ክሯን አሳየሁት፣ ስልኬንም አሳየሁት፣ በኩራት።

ቃለ ጉባኤውን አይቶ ፈገግ አለ። «ይሄ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አይደለም» አለ። «አዋጁ እንደ እጅ ጽሑፍ ፊርማ የሚያየው ዝም ብሎ ፎቶ አይደለም። ፈቃድ ያለው አካል ሰርተፍኬት ይሰጥሻል፤ አንቺ ብቻ የምትይዢው ቁልፍ ይኖራል።»

«ቁልፍ እንኳ እኔም እሸጣለሁ።»

«ያንቺው ለሸሚዝ ነው። ይሄ ሰውዬ የላክሽለትን ሥዕል ያልፈቀድሽበት ቦታ ላይ ለጥፎ መብትሽን ነክቷል። ሐሰተኛ የኮምፒውተር ዳታ አዘጋጅቶ ተጠቅሞበታል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ውስጥ አለ፤ እስራትም መቀጮም አለው።»

«ተባረክ! በል ጻፍልኝ።»

«ቆይ። ይሄን ፋይል ማን ሰጠሽ?»

«ማን ይሰጠኛል? ገብቼ ወሰድሁት።»

ላፕቶፑን ከደነው። ሐኪም የደም ውጤት አይቶ እስክሪብቶውን እንደሚያስቀምጠው ዓይነት ነው የከደነው።

«በማን ፈቃድ ገባሽ?»

«የይለፍ ቃሉ እኮ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ሁላችንም እንገባለን።»

«ፈቃድሽን ልታድሺ ትገቢያለሽ። እሱ የፈቀደው ለዚያ ነው። የሰው ቤት ቁልፍ በሩ ላይ ስላየሽ ገብተሽ ሳጥን አትከፍቺም። ይሄ ሕገ ወጥ ደራሽነት ይባላል።»

«ምን?»

«ሕገ ወጥ ደራሽነት። ያልተፈቀደልሽ ኮምፒውተር ውስጥ መድረስ። እስከ ሦስት ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። ፋይሉን ደግሞ ወስደሻል።»

«ሌባውን ያዝሁ እንጂ ምን ሰረቅሁ?»

«እህት ዓለም፣ ሕጉ ሁለታችሁንም ነው የሚያያችሁ። ፋይሉን ካሳየሽ እሱን ታስከስሻለሽ፣ ራስሽንም ታስከስሻለሽ። ካላሳየሽ ሱቁን ታጪያለሽ። ክሯን ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ‹የራሷ ፊርማ ነው፣ በእጇ ፈርማለች› ይላል። ፊርማዋን ወደ ምርመራ ልከው እስኪመለስ አሥራ አምስት ቀንሽ ያልቃል።»

ለዚህ ምክር አልከፍልም አልሁት። እንዲያውም አልጠየቀኝም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

የፈራሁት ሳይውል ሳያድር መጣ። ሊቀመንበሩ ቴሌግራሙን ከፍቶ የላክሁትን አይቶ ኖሯል። ከጣቢያ ተደውሎ ተጠራሁ። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥ ያለ ድምፅ ጣቢያ ውስጥ ስሰማ ሁልጊዜ ይከብደኛል።

«የማኅበሩን ኮምፒውተር ከፍተሻል?»

«ሁላችንም እንከፍታለን።»

«ባለፈው ረቡዕ በምሳ ሰዓት?»

«የንግድ ፈቃድ ጉዳይ ነበረኝ» አልሁ። ውሸት ነበር፤ አፌ ላይ እንደ ጨው ድንጋይ ሆነብኝ። ጻፈችው። ከታች ፈረምሁ፤ በእጄ፣ ያለ ክር።

ስወጣ ሊቀመንበሩ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ክፍት ቦታ እንዳለ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ቆሜ ቀረሁ።

«አልከፋብሽም» አለ። «ሱቁን በሰላም ልቀቂ፣ ክሴን እተወዋለሁ። አሥራ አንድ ቁጥርም ቢሆን ሱቅ ነው። ሦስት ዓመት ግን ሱቅ አይደለም።»

«አንተን አምኜ ፊርማ የላክሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አልሁት። እርስዎነቱ የዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቀረ። እሱም አስተዋለው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ሰባት ቀን ቀርቶሻል፣ ባለጌ» አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ቃለ ጉባኤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንደ ጨርቅ ንድፍ እያገላበጥሁ አየሁት። የራሴን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም። አንዱ ፊርማ እንደ ወፍ ነው፣ አንዱ እንደ ሽቦ። ስድስተኛዋ ላይ ስደርስ ቆምሁ። ከቁጥር ስድስት ስም ፊት ለፊት ዶሮ የረገጠው የሚመስል ጭረት ተፈርሟል።

ቁጥር ስድስት ፊርማ የላትም። ፎቶ አልላከችም፤ ስለዚህ ሊቀመንበሩ ራሱ ጫጭሮላታል። ያላወቀው ግን ይህ ነው፤ ሴትዮዋ መጻፍ አትችልም። ማኅበሩ ሲመሠረት ወረዳ ሄደን ስንፈርም፣ ሌሎቹ ፈርመው ከወጡ በኋላ እሷ ጣቷን ነው ያሳረፈችው። ምስክር ሆነን ስማችንን ከጣቷ ሥር የጻፍነው ባሏና እኔ ነን። ባሏ ነፍሱን ይማረው፤ አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ፊርማ በተለቀመ ቁጥር እሷ መርካቶ ናት። ሰው ትዕቢት ይለዋል። በስድስት ዓመት ጥላችን ውስጥ ስንት ስድብ ተወራውረናል፣ ያንን ምስጢር ግን አንድም ቀን አላወጣሁትም። ጨዋነት አይደለም፤ እኔ ያንን ባወጣ እሷም የምታወጣው ነበራት።

እንግዲህ ሁለት ማስረጃ በእጄ ነበር። አንዱ እኔን ያሳስራል፣ ሌላው እሷን ያዋርዳል። ብዙ አላሰብሁም። በእርግጥ የእሷን መረጥሁ።

ጠዋት ሱቋ ሄድሁ። ዚፕ በቀለም በቀለሙ እየደረደረች ነው። ቀና ብላ አየችኝና መደርደሯን ቀጠለች።

«እንደምን አደርሽ» አልሁ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመሻል።»

እጇ ቆመ። ወረቀቱን ባንኮኒዋ ላይ አደረግሁና በጣቴ አሳየኋት። የራሷን ስም እንኳ በቅርጹ ነው የምታውቀው፤ ጭረቷን ግን አየቻት።

«ይሄ ሰውዬ» አለች፣ «ምነው ቆንጆ አድርጎ እንኳ ቢፈርምልኝ።»

«አንቺ ቀርበሽ እኔ ጣቴን ነው የማሳርፈው ካልሽ ቃለ ጉባኤው ይወድቃል። የምሥረታው ሰነድ ወረዳ አለ፣ ጣትሽ እዚያ ላይ ነው።»

«ስድስት ዓመት ሰላም ሳትይኝ፣ ዛሬ ጣቴ አማረሽ?»

«አማረኝ አላልሁም። ያስፈልገኛል።»

ጥላችን በአንድ የተማሪ ቤት ዩኒፎርም ነው። ቀሚሱም ሱሪውም ዚፑ ከእሷ ሊገዛ ቃል ተገብቶላት ነበር፤ እኔ አንድ ቀን ቀድሜ ደርሼ ሰፊውን ወሰድሁት። ነጋዴ ነኝ፣ አላፍርበትም። እሷም ሁልጊዜ ዓይኔን እያየች የምታስታውሰኝ እሱን ነው። አሁንም እያየችኝ ነው።

«ስንት ሰው ይሰማዋል?» አለች።

«መርማሪዋ። የወረዳው ሰው። እሱ። ኋላ ምናልባት ሰፈሩ።»

«ሰፈሩ ከሁሉም ፊት ነው የሚሰማው። ‹መሃይም ናት› ይለኛል ያ የኋላ ረድፉ ደረቅ።»

«ይልሻል።»

እንዳባብላት ጠብቃ ከነበረ ቀረባት። እሷም ማባበል እንደማልችል ታውቃለች። አንድ ሙሉ እሽግ ዚፕ ደርድራ ጨረሰች፤ ከዚያ፣

«ዚፕ አትሸጪም» አለች።

«እ?»

«ዚፕ። የብረቱንም፣ የፕላስቲኩንም፣ የቀሚሱንም። ከዛሬ ጀምሮ አትሸጪም። እኔ ሄጄ መጻፍ አልችልም እላለሁ፣ አንቺ ደግሞ ዚፕ የለኝም ትያለሽ።»

«አብደሻል? የሱቄ ግማሽ ዚፕ ነው።»

«እንግዲያው ግማሹን ይዘሽ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሂጂ።»

«የጃኬቱን ልተውልሽ፣ የቀሚሱን ተይልኝ።»

«ሁሉንም።»

«ለአንድ ዓመት።»

«ጣቴ እስካለ።»

ብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ከመርካቶ አስመጪ ጋር፣ ከቀረጥ ሰው ጋር፣ ከገዛ አማቴ ጋር። እንደዚህች ሴት ዋጋ ተናግራ ዝም የምትል አላየሁም። ስድስት ቀን ነው የቀረኝ።

«እሺ» አልሁ። ከዚያም በልማድ፣ «እንጻፈው?» አልሁ።

«ጻፊና በቴሌግራም ላኪልኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ጣቢያ አብረን አልሄድንም፤ እሷ ቀድማ ሄደች፣ እኔ ኋላ ደረስሁ። ሊቀመንበሩም ተጠርቶ ነበር። መርማሪዋ ወረቀቱን ዘረጋችና «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ቁጥር ስድስት ሻሿን አስተካከለች፣ ተነሥታ ቆመች፤ ማንም ቁሚ አላላትም።

«እኔ ፊርማ የለኝም» አለች። «መጻፍ አላውቅም፣ ማንበብም አላውቅም። ጣቴን ነው የማሳርፈው፤ ወረዳ ጠይቁ። ይህን የጫጫረው ሰው ግን እሱም ብዙ የተማረ አይመስልም።»

ሊቀመንበሩ «ይሄ የጽሕፈት ስህተት ነው፣ እርማት እናደርጋለን» ማለት ጀመረ። መርማሪዋ «መጻፍ ለማይችል ሰው ማን ፈረመ ነው የምልዎት» አለችው። እሱም ዲጂታል የምትለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳት። ቁጥር ስድስት ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች፤ ጉንጯ ላይ የነበረውን አየሁና ዓይኔን ወደ ግድግዳው መለስሁ። ያችን አንዲት ነገር ውለታ ብላ ትቁጠርልኝ አትቁጠርልኝ አላውቅም።

ወረዳው ቃለ ጉባኤውን አገደው፤ ሱቄ ሳይነካ ቀረ። የእሱ ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄዷል። የእኔም አልተዘጋም። መርማሪዋ የቢሮውን ፎቶ አንስታ ፕላስተሩን ካየች በኋላ ሊቀመንበሩን «ይህን እዚህ የለጠፈው ማነው?» ብላ ጠየቀችው ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ተዘጋ የሚል ወረቀት አልደረሰኝም፤ ቅረቢ የሚልም አልደረሰኝም። ፋይሉ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ራፖር ጸሐፊው አጥፊው ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እስኪ አንድ ቀን ልተኛበት እላለሁ።

አባላቱ ይጠሉኛል። እያንዳንዳቸው ጣቢያ ተጠርተው «ስብሰባው ላይ ነበርክ?» ተብለዋል፤ አልነበርሁም ማለት ሐሰቱን እያወቅን ዝም ብለናል ማለት ነው፣ ነበርሁ ማለትም ከእሱ ጋር መከሰስ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። የኋላ ረድፉ ሰው ልጁን ሲድር አልጠራኝም። ሊቀመንበሩ እስካሁን ሊቀመንበር ነው፤ ሌላ ሰው ሥራውን አልፈልግም ስላለ። ሳልፍ ይተፋል፤ እኔም የመትፊያ ጊዜ እንዲበዛለት ብዬ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ።

ዚፖቼን በካርቶን አሽጌ ለመርካቶ አስመጪ መልሼ ሸጥኋቸው፤ እሱም እያሾፈብኝ ገዛኝ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልብስ ሰፊ ሱሪ በእጁ አንጠልጥሎ ሮጦ መጣ።

«ጥቁር ዚፕ፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር፣ ቶሎ!»

«የለኝም።»

«አንቺ ዚፕ የለሽም?»

«እዚያ ጫፉ ጋ አለ።»

«እሷ ጋ? ተጣልታችሁ የለ እንዴ?»

«ተጣልተናል። ሂድ።»

ሄደ። ጥቁር ክር አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት፤ ዚፕ ያለ ክር አይሰፋም፣ ሲመለስ እዚህ ያልፋል ብዬ። አለፈ። በእጁ ዚፑን ይዟል፣ ክሩንም ይዟል፣ ቁልፍም ጨምሮ ገዝቷል። ዚፕ የገዛ ሰው የቀረውንም እዚያው እንደሚገዛ ስከራከር ማሰብ ነበረብኝ። እሷ አስባው ነበር።